የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ውሃ ቀለሙን ሲቀይር

ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በሞይ አቬኑና በሉቱሊ አቬኑ ዙሪያ ባሉት ፎቆች ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩ፣ ጌም ሲጫወቱ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኮምፒውተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በፋን ብቻ ሳይሆን በውሃ ነው። ጎኑ መስታወት በሆነ ሳጥን ውስጥ ቱቦ ይዘረጋሉ፤ በቱቦው ውስጥ ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ ፈሳሽ ይዞራል፤ ሲያዩት ያምራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሰማያዊው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሐምራዊው ይገረጣል፣ ጥርት ያለው ይደፈርሳል። ባለቤቱ ይደነግጣል። አንዱ «ውስጡ ዝጎ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ምንም አይደለም፣ ዝም ብለህ ተጠቀምበት» ይለዋል።

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀለም ለውጥ መነሻው አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከመልክ በቀር የሚያበላሸው ነገር የለም፤ አንዳንዱ ግን በብዙ ገንዘብ የተገዛን ዕቃ ቀስ በቀስ ይበላል። ሁለቱን ለመለየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ጥርት ያለ ብርጭቆ፣ ነጭ ወረቀትና የአንድ ሌሊት ትዕግሥት በቂ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትንሽ ፓምፕ ፈሳሹን ይገፋል። ፈሳሹ በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ ላይ በተገጠመው የመዳብ ብሎክ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ይቀበላል፤ ራዲያተሩ ጋ ሲደርስ ፋን ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ በታንኩ በኩል ወደ ፓምፑ ይመለሳል። በፋብሪካ ታሽጎ የሚሸጥ፣ «ኤአይኦ» የሚባል ዓይነትም አለ። እዚህ የምናወራው ግን በዋናነት ባለቤቱ ወይም ባለሙያው ቱቦውን ቆርጦ፣ ፊቲንጉን አጥብቆ፣ ፈሳሹን ራሱ ስለሚሞላው ነው። ፈሳሹን በተለምዶ ኩላንት ይሉታል።

አርቲኤክስ 4090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 450 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በደቂቃ 4 ሊትር ውሃ ቢያልፍበት፣ ውሃው ብሎኩ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ የሚጨምረው ሙቀት 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ አይሞላም። ውሃ ይህን ያህል ሙቀት መሸከም የሚችል ፈሳሽ ነው። ቀለሙ ለዚህ ሥራ የሚያዋጣው ነገር የለም። ሰማያዊ ኩላንት ከቀዩ አይበልጥም፣ ቀዩም ጥርት ካለው አይበልጥም። ቀለም የሚጨመረው ለዓይን ነው፤ የሚያስጨንቀንም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ለዓይን የተጨመረው ነገር ነው።

ማቅለሚያው ራሱ ሲደክም

በጣም የተለመደው ምክንያት ይህ ነው፤ ከሁሉም ጉዳቱ የሚያንሰውም ይኸው ነው። ፈሳሹን የሚያቀልመው ኬሚካል መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ሞለኪውሉ ይሰበራል። ሐምራዊ ኩላንት ብዙውን ጊዜ የሁለት ማቅለሚያዎች ቅይጥ ስለሆነ አንዱ ቀድሞ ሲጠፋ ሌላው ብቻውን ይቀራል፤ ሐምራዊ ገዝቶ የሞላ ሰው ሮዝ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ቀይም በዚሁ መንገድ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የሚያበሩት ዓይነቶች ደግሞ ከሌሎቹ ፈጥነው ይደበዝዛሉ።

ናይሮቢ ለዚህ ምቹ ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ብቻ አለፍ ብላ፣ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። የዓመቱን ግማሽ ያህል በሰሜን በኩል፣ የቀረውን በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በሰሜንም ሆነ በደቡብ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ኮምፒውተር ተራው ሲደርስ ይመታል። የመስኮት መስታወት ከአልትራቫዮሌት ጨረሩ ከፊሉን ቢያስቀርም የቀረውንና የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ማቅለሚያን ለማደብዘዝ ይህ በቂ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ነገሩ እዚያም ያው ነው። ኮምፒውተሩን ከመስኮት ማራቅ ምንም የማያስወጣ መፍትሔ ነው።

በሙቀት በኩል ግን ከተማዋ ታግዛለች። የናይሮቢ የዓመት አማካይ ሙቀት 19 ዲግሪ አካባቢ ነው። በደንብ የተሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ፈሳሹ ከክፍሉ አየር በላይ የሚሞቀው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዲግሪ በታች ይቆያል። ሞምባሳ ወይም ድሬዳዋ ቢሆን ያው ማሽን ኩላንቱን ይበልጥ ያሞቀዋል፤ ማንኛውም የኬሚካል ለውጥ ደግሞ በሙቀት ይፈጥናል። ከፍታው የሚያመጣው አንድ ጉድለት አየሩ ስስ መሆኑ ነው። በናይሮቢ ከፍታ አየር ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ራዲያተር ሲመርጡ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ማቅለሚያ በሌላም መንገድ ይለወጣል። ብዙ ማቅለሚያዎች ፈሳሹ ወደ አሲድ ወይም ወደ አልካሊ ሲያደላ መልካቸውን ይቀይራሉ፤ ማቅለሚያው ሳይሰበር ቀለሙ ብቻ ይዞራል። ኩላንቱ በተሞላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀለሙ ከተለወጠ መጠርጠር ያለበት ፀሐይ ሳይሆን አዲሱ ራዲያተር ነው። የመዳብና የብራስ ራዲያተር ክፍሎቹ የሚጣበቁት በስታኞ ነው፤ ስታኞው እንዲይዝ የሚቀባው ፍላክስ አሲድነት ያለው ሲሆን ከፋብሪካ ሲወጣ በቱቦዎቹ ውስጥ የተወሰነ ቅሪት ይተዋል። አዲስ ራዲያተር ሳይታጠብ ከተገጠመ ያ ቅሪት ቀስ እያለ ወደ ኩላንቱ ይገባል። ሰማያዊ ኩላንት አረንጓዴ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ ማሽኑ ውስጥ አንዳችም ነገር ሳይዝግ ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ ራዲያተር ሞቅ ባለ ዲስትልድ ውሃ ግማሹን ተሞልቶ፣ አፎቹ ተደፍነው፣ ለጥቂት ደቂቃዎች በደንብ ተንጦ ይደፋ፤ የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ይደገም። መጀመሪያ ላይ ጥቁር ቅንጣትና የስታኞ ፍርፋሪ ሲወጣ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ያ ፍርፋሪ ባይታጠብ ኖሮ መጨረሻው ብሎኩ ውስጥ ነበር።

መዳብና አሉሚኒየም

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ ይሠራሉ። በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ላይ መዳብ በ+0.34 ቮልት፣ አሉሚኒየም በ−1.66 ቮልት ተመዝግበዋል፤ ልዩነታቸው 2 ቮልት ነው። በተግባር አሉሚኒየሙን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ይህን ቢያለዝበውም አቅጣጫው አይቀየርም፤ ተበልቶ የሚያልቀው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። ቅሪቱ ነጭ ወይም ግራጫ፣ ዝልግልግ ያለ ዝቃጭ ሆኖ ይወጣል። ኩላንቱ ወተት መሰል ይሆናል፤ ቆይቶም ራዲያተሩ ይበሳል።

አደጋው በርካሽ ዕቃ በኩል ይገባል። በኢንተርኔት ታዘው ከሚመጡት ርካሽ ራዲያተሮች ብዙዎቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ ጥቁር ቀለም ስለተቀቡ ከውጭ ሲታዩ ከመዳቡ አይለዩም። ማግኔት አይጠቅምም፤ ሁለቱንም አይስብም። የሚለየው የፊቲንጉ ጥርስ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ በስለት ጫፍ ቀስ ብሎ በመፋቅ ነው። ቀይ ከታየ መዳብ ነው፣ ቢጫ ከታየ ብራስ ነው፣ ነጭ ከታየ አሉሚኒየም ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ክብደቱም ይናገራል፤ አሉሚኒየም ከመዳብ ሦስት ጊዜ ያህል ይቀላል። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጥበት ገበያ ይህን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

«ታሽጎ የሚመጣው ኤአይኦስ? እሱም ብሎኩ መዳብ፣ ራዲያተሩ አሉሚኒየም ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ፋብሪካው ይህን የሚያደርገው ዝገትን የሚገታ ኬሚካል በልኩ አስገብቶ፣ አየር እንዳይገባው አሽጎ ነው። ለዚህም ነው የደከመ ኤአይኦ ተከፍቶ ተራ ውሃ ሲሞላበት የሚያልቅለት። ጥገና መስሎ የሚታየው ይህ ሥራ ዕቃውን ከዝገት የሚጠብቀውን ነገር አውጥቶ መድፋት ነው። ታሽጎ የመጣውም ቢሆን ሁልጊዜ ዋስትና የለውም። ጌመርስ ኔክሰስ የተባለው የኮምፒውተር ዕቃዎችን የሚፈትሽ የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 የኤነርማክስ ሊቅቴክ ቲአር4 ማቀዝቀዣዎችን ከፍቶ ሲያሳይ፣ ጥቃቅኖቹ የውሃ መተላለፊያዎች በዝቃጭ ተደፍነው ነበር።

መዳብ ብቻውን ሲሆንም ይለወጣል፣ ግን በሌላ መልክ። የብሎኩ ፊት ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ ከታየ መዳቡ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ለብሷል ማለት ነው፤ ማቀዝቀዙን የሚጎዳው ነገር የለም፤ ተወልውሎ ቢያብረቀርቅም ተመልሶ ይጠቁራል። ጥርት ብሎ የተሞላ ፈሳሽ ግን ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ማዘንበል ከጀመረ መዳቡ እየሟሟ ነው። ይህን ዝም ማለት አይገባም።

ውሃው ከየት መጣ?

የናይሮቢ የቧንቧ ውሃ አብዛኛው ከአበርዴር ተራሮች፣ በዋናነትም እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጠናቀቀው የንዳካይኒ ግድብ ይመጣል። ለከተማው ስለማይበቃ በፈረቃ ይከፋፈላል፤ መሃል ከተማ ያሉ ብዙ ሕንፃዎች የራሳቸውን ጉድጓድ ይጠቀማሉ ወይም በቦቴ ያስመጣሉ። በአንድ ሕንፃ ከአንድ ቧንቧ ዛሬ የሚወርደውና በሚቀጥለው ሳምንት የሚወርደው ውሃ አንድ ላይሆን ይችላል። የናይሮቢ የጉድጓድ ውሃ በፍሎራይድ ብዛቱ ይታወቃል፤ በስምጥ ሸለቆ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ማዕድን ጥርስ ላይ በሚተወው ቡናማ ምልክት ያውቀዋል። በቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪንና ክሎራይድም መዳብንና አንዳንዱ ብሎክ የሚለበጥበትን ኒኬል ያጠቃል።

አንዳንድ ሰው ውሃውን አፍልቶ ይሞላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድን አያወጣም፤ እንዲያውም ከፊሉ ስለሚተን የቀረው ማዕድን ይወፍራል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት ካልሲየሙን፣ ሶዲየሙንና ባይካርቦኔቱን ራሱ ይዘረዝራል። ለሰው ጤና የሚስማማው ለብሎኩ አይስማማም።

የሚያስፈልገው ዲስትልድ ወይም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። በጣም ቅርብ የሚገኘው ነዳጅ ማደያ ወይም የመኪና ዕቃ መሸጫ ነው፤ የመኪና ባትሪ የሚሞላበት ውሃ ይኸው ነውና። እዚህ ላይ ግን ልብ ይበሉ፤ ባትሪ መሸጫ ውስጥ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ ተመሳሳይ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድረው ሊገኙ ይችላሉ። አሲዱ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ብሎኩንም ይበላል። በመልክ አይለዩም። ጽሑፉን ማንበብ፣ ከተቻለም የአሲድ መጠን በሚለካው የወረቀት ቁራጭ መፈተን ነው። ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ የዓሣ ማሳደጊያና የመዋኛ ገንዳ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይገኛል።

ዲስትልድ ውሃ ብቻውንም በቂ አይደለም። ዝገትን የሚገታና ጀርምን የሚከላከል ኬሚካል ይፈልጋል። ኩላንት ብዙ ጊዜ ከውጭ ታዞ ስለሚመጣ፣ ለጭነት የሚቀለው በዲስትልድ ውሃ የሚበረዘው ኮንሰንትሬት ነው፤ ለምሳሌ 100 ሚሊ ሊትሩ ከ900 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሊትር የሚሆን ዓይነት አለ። ለመቆጠብ ተብሎ አንዱን ጠርሙስ ለሁለት ሊትር ማድረስ የሚደረግ ነገር ነው፤ እጅግ መጥፎ ቁጠባ ነው። የዝገት መከላከያው ከልኩ ሲያንስ ብረቱ ይጋለጣል። በብዙ ኩላንቶች ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮልም በቂ ሲሆን ባክቴሪያን ይገታል፤ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ግን ሌላ መከላከያ ከሌለ ለአንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግብ እስከመሆን ይደርሳል።

ይህ የጥቂት ጌም ተጫዋቾች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍትና ጂ42 የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ናይቫሻ አጠገብ ባለው ኦልካሪያ፣ ከከርሰ ምድር በሚወጣ እንፋሎት ኃይል የሚሠራ የአንድ ቢሊዮን ዶላር የዳታ ማዕከል ዕቅድ አስታውቀዋል። በዓለም ላይ ቺፕን በቀጥታ በፈሳሽ የሚያቀዘቅዙ ትልልቅ ማዕከላት በሰፊው የሚጠቀሙት 25 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበትን ድብልቅ ነው፤ የፈሳሹን አሲድነትና ንጽሕናም በየጊዜው እየለኩ ይከታተላሉ። ጠረጴዛ ሥር ያለው ማሽን የሚጠይቀው ጥንቃቄ በመጠን ያንሳል እንጂ በዓይነት ያው ነው።

ብሎኩ ሲከፈት የሚታየው

ድፍርስ ያለና ነጣ ያለ ኩላንት ካለ፣ መዳብ ከአሉሚኒየም ጋርም ካልተደባለቀ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ቱቦው ነው። ጥርት ያለ ተጣጣፊ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ስለሆነ የሚለሰልሰው ፕላስቲሳይዘር የሚባል ቅባት ነገር ተጨምሮበት ነው። በሞቃት ኩላንት ውስጥ ወራት ሲቆይ ይህ ቅባት ከቱቦው እየወጣ ወደ ፈሳሹ ይገባል። ቱቦው ራሱ መስታወትነቱን ትቶ ጭጋግ ይለብሳል።

የብሎኩ ክዳን ብሎኖቹ ተፈትተው ሲነሳ፣ ከጥቁሩ የጎማ ቀለበት ሥር የመዳቡ ሰሌዳ ይታያል። መሃሉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጠቁ ስስ ክንፎች አሉ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ውሃው በስስ ስንጥቅ በኩል መሃል ለመሃል ይገባና ወደ ሁለቱም ጎን ይከፈላል። ከቱቦው የወጣው ቅባት የሚጠራቀመው ልክ ውሃው በሚገባበት በዚያ መስመር ላይ ነው፤ ነጭ፣ ሰም መሰል፣ በጥፍር ሲነካ የሚላጥ። ፕሮሰሰሩ ቀድሞ 65 ዲግሪ ይሠራ የነበረው አሁን 80 ቢደርስ ምክንያቱ ይህ መስመር ነው። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ያስለቅቀዋል፤ መጨረሻ ላይ በዲስትልድ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ቱቦው ካልተቀየረ ግን ተመልሶ ይመጣል። ኢፒዲኤም የሚባለው ጥቁር የጎማ ቱቦ ይህን ችግር እጅግ ይቀንሳል፤ ጥቁር ስለሆነም ብርሃን አያሳልፍም። ውበቱ ያንሳል ይባላል፤ እኔ ግን ለሥራ ለሚውል ማሽን ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ብርሃን ሌላም ጣጣ አለው። አልጌ ያለ ብርሃን አያድግም፤ ብርሃንና በቂ መከላከያ የሌለው ውሃ ሲያገኝ ግን በታንኩ ጥግና በፊቲንጉ ዙሪያ አረንጓዴ ክር መሰል ነገር ሆኖ ይወጣል። ባክቴሪያና ፈንገስ ብርሃን አይፈልጉም፤ የእነሱ ምልክት ሙልጭልጭ ያለ ልባስና የረጋ ውሃ ሽታ ነው። ማሽኑ ለሳምንታት ጠፍቶ ሲቀመጥ ይብስባቸዋል። ባለቤቱ ወደ አገር ቤት ሄዶ ሁለት ወር ቆይቶ ሲመለስ ደፍርሶ የሚያገኘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለም የተቀባ የሚመስለው፣ ብርሃን የማያሳልፈው ኩላንት ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። ያ ማቅለሚያ ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው። ሳይነካ እንደቆየ ጠላ ከላይ ይጠራል፣ አተላው ከታች ይቀመጣል፤ የሚቀመጠውም በራዲያተሩ ታችና በብሎኩ ክንፎች መካከል ነው። ፓምፑ እየሠራ እስካለ ድረስ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበትና ማሽኑ ብዙ በሚያርፍበት ቦታ ግን ዕድሜው ያጥራል። ለኤግዚቢሽን ወይም ለፎቶ ያምራል። ለዕለት ሥራ አልመክረውም።

በብርጭቆ መመርመር

ማሽኑ ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ከታንኩ አፍ በሲሪንጅ ትንሽ ኩላንት ይቅዱና ጥርት ባለ ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉት። ከጀርባው ነጭ ወረቀት ያቁሙና በቀን ብርሃን ይዩት። ባለቀለም ኩላንት ቀለሙ ቢለወጥም ፈሳሹ ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ሽታ ከሌለው፣ በጣት ሲነካም ካልሟለጨ፣ የደከመው ማቅለሚያው ነው፤ መደናገጥ አያስፈልግም። ብርጭቆውን ሌሊቱን ሳይነካ ያሳድሩት። ጠዋት ከታች ነጭ ወይም ግራጫ ዝቃጭ ከተገኘ ነገሩ ከቀለም አልፏል። ከላይ ቅባት ከተንሳፈፈ ቱቦው ነው። ክር ወይም ልባስ ካለ ሕይወት ያለው ነገር ገብቷል። የአሲድ መለኪያ ወረቀቱ ከ6 በታች ካሳየ፣ የአምራቹ ወረቀት ሌላ ካላለ በቀር፣ ኩላንቱ ወደ አሲድ ሄዷል፤ ግላይኮል ሲያረጅና ከአየር ጋር ሲቆይ አሲድ ይፈጥራልና ይህ በአሮጌ ኩላንት የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ቁጥር ያስተያዩ። ማሽኑ አዲስ ሳለ በሙሉ ሥራ ላይ የነበረው ሙቀት ስንት ነበር? አሁንስ? ቀለሙ ተለውጦ ሙቀቱ ካልተለወጠ ጊዜ አለዎት። ሁለቱም አብረው ከተለወጡ ወይም ፈሳሹ በታንኩ ውስጥ የሚዞርበት ፍጥነት በዓይን እስኪታይ ከቀነሰ፣ ማሽኑን አጥፍቶ መክፈት ነው።

በማጽዳት ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት ከራሱ ከቆሻሻው የባሰ ጉዳት ያደርሳል። በረኪና፣ እዚህ አገር ጂክ የሚሉት፣ መዳብንና የኒኬል ልባጥን ይበላል። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል። ክዳኑና ታንኩ አክሪሊክ ከሆኑ በአልኮል አይወልውሏቸው፤ አክሪሊክ አልኮል ሲነካው በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላል፣ ያ ስንጥቅ ቆይቶ ውሃ ያፈሳል። ሳሙናና ዲስትልድ ውሃ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። አሮጌውን ኩላንት በሌላ አምራች ኩላንት መሙላትም አይገባም፤ የመከላከያ ኬሚካላቸው የተለያየ ከሆነ ሲገናኙ ሊረጉ ይችላሉ። ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ እንደ አዲስ ይሞላ።

የመኪና ኩላንት ይሆናል ወይ? የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥባት በኪሪንያጋ ሮድ በየሱቁ ስለሚገኝ ጥያቄው ይነሳል። ዝገትን በመከላከል በኩል መጥፎ አይደለም። ችግሩ አብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል መሆኑ ነው፤ ይህ ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ለብዙ ሕፃናት ሞት ምክንያት ሆነዋል በተባሉት የሳል ሽሮፖች ውስጥ የተገኘው ይኸውና የቅርብ ዘመዱ ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነበሩ። ልጅ ወይም ድመት ባለበት ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ፣ ሊያፈስ በሚችል ዕቃ ውስጥ አላስገባውም። ከማሽኑ የወጣውን አሮጌ ኩላንትም፣ የመኪና ይሁን የኮምፒውተር፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥም አይድፉት። የናይሮቢ ቦዮች ወንዙ ውስጥ ይገባሉ፤ በኩላንቱ ውስጥ የሟሟው መዳብ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው።

እንግዲህ አዲስ ማቀዝቀዣ ሊያሠሩ ከሆነ ወይም አሮጌውን ሊያስቀይሩ ከሆነ፣ ጥርት ያለ ቀለም የሌለው ኩላንት ያስሞሉ፤ ቀለም ከፈለጉ ከሳጥኑ መብራት ያግኙት። ጥርት ያለ ፈሳሽ ችግሩን አይደብቅም፤ መዳብ ቢሟሟ፣ ቱቦ ቢለቅ፣ አልጌ ቢበቅል ቶሎ ይታያል። ራዲያተሩና ብሎኩ ከምን እንደተሠሩ ከሻጩ በደረሰኝ ላይ ያስጽፉ። የተሞላበትን ቀንና የኩላንቱን ስም በወረቀት ጽፈው ሳጥኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ ጥርት ያለውን ቢበዛ በሁለት ዓመት፣ ብርሃን የማያሳልፈውን ግን ዓመት ሳይሞላው ያስቀይሩት።